ለካሜራ የተሰፋ ቀሚስ

ሰኞ፣ ኅዳር 4። ስድስት ሰዓት ገደማ።

አሥራ አንደኛው የት/ቤት ቀሚስ። ዘመዘምኩ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፣ ክምሩ ላይ ጣልኩ። የስፌት መኪናዬ ቀበቶ ዛሬም ይንሸራተታል። ጠመኔ ቀባሁለት፤ ያዘ። አባዬ ሱቁ ውስጥ አቡጀዲ ይለካሉ፣ እኔ በረንዳው ላይ እሰፋለሁ። የደ/ታቦር መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው እንዳይነካብኝ ሥራዬን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ጓድ በለጠ መጣ። የወረዳው የባህል ክፍል ኃላፊ፤ ተቀምጦም የቆመ የሚመስል ሰው። ሻይ አልፈልግም ብሎ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ። ወሬው ግን ሻዩን ያስንቃል። ቴሌቪዥን ከአ.አ. እየመጣ ነው፤ እኛ ሜዳ ላይ ለገና የሚታይ ዘፈን ሊቀርጹ። ዘፋኟ ውቢት!

ውቢትን ታውቂያታለሽ፣ ደብተሬ? በምን ታውቂያታለሽ። በካሴቷ ሽፋን ላይ ነዶ ታቅፋ ወደ ሩቅ ታያለች። ከሥሩ «የፎገራዋ ልጃገረድ» ይላል። ካሴቱ ወረታ የገባ ሰሞን ከተማው ስንት ቀን ተከራከረ፣ የማን ልጅ ናት እያለ። የቋሃር ናት ያለ አለ፣ የናበጋ ናት ያለ አለ። ዘመዷ ነኝ የሚል አንድ ሰው ግን አልተገኘም።

ጓድ በለጠ እኔን የፈለገኝ ለቀሚሷ ነው። መጠጋገን ካስፈለገው ቅርብ ሁኚ አለኝ። እሺ አልኩ፣ በረጋ ድምፅ። እሱ ከሄደ በኋላ የአሥራ ሁለተኛውን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6። ዘጠኝ ሰዓት።

መጡ። ሁለት መኪና፣ ሰባት ሰው። ከበረንዳችን ፊት ቆሙ። ወረታ ሁሉ ወጥቶ አየ።

አጭር ናት! ካሴቱ ላይ ዝግባ ታህል ነበር። ፊቷ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል። ለአባዬ እጅ ነሳች። ቀጥላ ኮት ለተሰቀለበት እንጨት እጅ ነሳች። አባዬ እንዳላዩ ሆኑ።

አለቃቸው ጋሽ ደረሰ ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ባርኔጣ የማያወልቁ፣ ቀጭን ሰው። ዜማ ያቀናጃሉ፣ ካሴት ያሳትማሉ፣ ልብስም ይመርጣሉ። ስለ ውቢት ሲናገሩ ስለ ቤት የሚናገሩ ይመስላሉ፤ እዚህ ጋ ከፍ አደረግኋት፣ እዚህ ጋ ዝቅ አደረግኋት።

ችግሩ ቀሚሱ ነው። አረንጓዴ ሳቲን፣ ወገቡ ጥብቅ፣ ጫፉ ዘርፍ ያለው። አልዘጋ ብሏል። ታጥቦ ጠበበ አለች ውቢት። ጨርቁን በጣቶቼ አሸሁት። ይህ ጨርቅ ታጥቦ አይጠብም። ሺህ ጊዜ ቢታጠብ አይጠብም።

ወደ ጓዳ ይዣት ገባሁ፣ መጋረጃውን ጣልኩ። ጋሽ ደረሰ በማስታወሻቸው የያዙትን ልኬት ሰጥተውኛል፦ ወገብ 62። ሜትሬን አዞርኩ። 74። ደረቷም ጨምሯል። እጇና አንገቷ ግን ያው ቀጭን ነው። ቀና ስል ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላለች። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ።

ከመጋረጃው ውጭ ጋሽ ደረሰ ስንት ሆነ ብለው ጮኹ።

«ይህ ቀሚስ አይሰፋም» አልኩ። «ከውስጥ ትርፍ አልተተወለትም። አዲስ ይሻላል።»

ውሸት አልተናገርኩም። 

ሐሙስ፣ ኅዳር 7። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ብቻዋን መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች፤ እናም መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ጓዳ አስገባኋት፣ እንጀራ በሽሮ አቀረብኩላት። እንዴት እንደምትበላ! በሰው ፊት መብላት ከተከለከለች ሦስት ዓመቷ ነው።

ሁሉንም ነገረችኝ። ስሟ ዘነበች ነው። የአ.አ. ልጅ ናት፤ አባቷ ጋራዥ ሠራተኛ። ፎገራን ትናንት ነው ያየቻት። ላም ከቅርብ አይታ አታውቅም። ጋሽ ደረሰ በአንድ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ሰምተዋት «ድምፅሽ የሜዳ ድምፅ ነው» ብለው ስም አወጡላት፣ አገር ሰጧት። መነጽሯንም አስቀሩባት። የሳቋ ልክ እንኳ ታውቋል፤ የላይኛው ጥርስ ብቻ ይታያል። እያስረዳችኝ ሳለች ሳቀች፣ የላዩም የታቹም ታየ። እንዲህ ስትስቅ ከካሴቱ ይልቅ ታምራለች።

ባል አላት። የታሪክ አስተማሪ። ባለፈው ዓመት በሁለት ምስክር ፊት ፈርመው ተጋቡ፣ ድግስ የለ፣ ፎቶ የለ። ጋሽ ደረሰ አያውቁም። ካረገዘች አራት ወር ተኩል አልፏታል፤ ይህንንም አያውቁም።

ለምን አትነግሪያቸውም አልኩ። አሁን የሚቀረጸው ዘፈን ዜማው የራሷ ነው። እስከ ዛሬ ስትዘፍን የኖረችው የሰው ዜማ ነው፤ ይህን ግን ራሷ አወጣችው፣ ስትታጠብ፣ ስታበስል፣ ታክሲ ስትጠብቅ። ጋሽ ደረሰ ካወቁ ከኋላዋ ለምታዜመው ልጅ ይሰጡታል። ልጃገረድ ነው የሸጡት። እርጉዝ አይሸጡም።

«እት ሐዋ፣ ዘፈኑ እስኪቀረጽ ድረስ ብቻ ሸፍኚልኝ።»

እት ሐዋ ብሎ መጥራትን ማን እንዳስተማራት እንጃ። ምናልባት መንገድ ላይ ሰምታ ይሆናል።

ያው ዕለት። ከአስር ሶላት በኋላ።

አባዬን አዙሬ ጠየቅኋቸው። አንድ ሰው ሥራ ሰጠዎት እንበል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከዚያው ሰው የሚደበቅ ምሥጢር ነገረዎት። ለማን ያደላሉ? አባዬ አቡጀዲውን ጠቀለሉ። ጠቅልለው ሲጨርሱ፦

«ልብስ ሰፊ የሰው ገላ ነው የሚያየው። ያየውን ገበያ ካወጣ ማን ይመጣለታል?» አሉ።

ስለማን እንደምናወራ የገባቸው ይመስለኛል። አባዬ ብዙ ነገር ይገባቸዋል፣ አይሉትም እንጂ።

ከዚያ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ደብተሬ፣ ለአንቺ አልደብቅም። ከባሌ ቤት የተመለስኩት በልጅ ነው፤ በልጅ እጦት። ሰባት ዓመት ሆነኝ። አልቅሼ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ እጄ ሆዷ ላይ ሳለ አንድ ነገር ከውስጥ ነካኝ። እሷ «ተንቀሳቀሰ?» አለች። አዎ አልኳት። እኔ ነኝ መጀመሪያ የሰማሁት፤ እሷ ገና መለየት አልለመደችም።

አሁን ያዘነ የለም። መቀሴን እየሳልኩ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 8። ከጁምዓ በኋላ።

ሐሳቤ ይኸው። ወገቡን ከወገብ ላይ አነሣዋለሁ። ከጡት ሥር እቆርጥና ከዚያ ጀምሬ እሸነሽነዋለሁ፤ ሽንሽኑ ሳይገታ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። መቀነቱም ከፍ ብሎ ይታሰራል። ጨርቁ ፈትል ይሁን፣ የእዚሁ የሸማኔ ሥራ፣ ጠርዙ ላይ ጠበብ ያለ አረንጓዴ ጥለት።

ካሜራ አንሺው ኤፍሬም ነጭ አይሆንም አለ። ነጭ ካሜራ ላይ ያንጸባርቃል፣ ፊቷን ያጠቁረዋል። ጨነቀኝ። ከዚያ ሻይ አፈላሁ፣ አንድ ባልዲ ሙሉ፣ ያለ ስኳር። ጨርቁን ነከርኩት፣ አገላበጥኩት፣ ጥላ ውስጥ አሰጣሁት። የበሰለ ጤፍ ቀለም ወጣ። ኤፍሬም አየና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ጋሽ ደረሰ ግን ተቆጡ። ገና ሳይሰፋ፣ በስፒል አያይዤ ሳሳያቸው። ወገቡ የት አለ አሉ። ወገብ የሌላትን ዘፋኝ ማን ያያታል?

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ጓዳ ገባሁ፣ ቀሚሱን በቀሚሴ ላይ ደረብኩት። ግቢ ወጣሁ። ዞርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ ሴት፣ በስፒል በተያዘ ቀሚስ፣ በአባቴ ግቢ፣ ዶሮዎቹን እየበተንኩ ዞርኩ! ሽንሽኑ ተነሣ፣ ሰፋ፣ እንደ ጃንጥላ ሆነ፤ ስቆም እሱ ገና ይዞራል።

ኤፍሬም «ጋሽ ደረሰ፣ ይሄ ቀሚስ ራሱ ይዘፍናል» አለ።

ጋሽ ደረሰ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። እሺ፣ ግን ለሰኞ ይድረስ አሉ።

አንድ ስፒል ወግቶኛል። ክብር ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 10። ከሰዓት።

አለቀ። ትናንት ገበያ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጨርቁን ካልነካሁ አለ። ሽንሽኑ እንዳይበረግግ ከውስጥ ገበር ጨመርኩ። ውቢት ለካችው፣ ዞረች፣ አቀፈችኝ። ከፊት ብትይ፣ ከጎን ብትይ፣ ምንም አይታይም።

ነገ ቀረጻ። ከነገ ወዲያ ሚካኤል ነው፣ ማጭድ የሚያነሳ የለም፤ ነገ የግድ ማለቅ አለበት።

ሰኞ፣ ኅዳር 11። አሥራ አንድ ሰዓት።

እግሬ ዝሏል፣ እጄ ግን ካልጻፍኩ ይላል።

ከርብ ወንዝ ወዲያ፣ በገበሬው በአያ ሞላ ማሳ ላይ ነው የዋልነው። አያ ሞላ ሁለት ላም ሊያውሰን ተስማምቶ ነበር፤ ስድስት ይዞ መጣ፣ ሁሉም ይታዩልኝ ብሎ። ሚስቱ እትዬ ጥሩነሽ ማጭዷን እንደያዘች ከጎኔ ቆመች። ከአራት ቀበሌ የመጣ ሰው ዳር ዳሩን ሞላ።

እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ደብተሬ። ዘፈኑ እዚያ አይዘፈንም! በቴፕ ከመኪና ባትሪ ይጫወታል፣ እሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሲቆም ትቆማለች፣ ሲጀምር ትጀምራለች። ያንኑ አንድ ስንኝ አሥር ጊዜ። ተመልካቹ መጀመሪያ ተደነቀ፣ ቀጥሎ ሰለቸው፣ በመጨረሻ አብሮ መዝፈን ጀመረና ዝም በሉ ተባለ።

ላሟን አንገቷ ላይ እንድትነካት ተፈለገ። ውቢት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«አይዞሽ» አላት አያ ሞላ። «እሷም አንቺን ፈርታለች። ቀስ ብለሽ ከዚህ ጋ እከኪያት።»

አከከቻት። ላሟ ዓይኗን ጨፈነች። ኤፍሬም ያንን ቀረጸ። የፎገራዋ ልጃገረድ የመጀመሪያዋን ላም ነካች፤ ይህን የምናውቅ ሁለት ብቻ ነን።

ጓድ በለጠ ማጭድ ትያዝ አለ። ተያዘ። ከፍ አድርጊው አለ። ከፍ አደረገችው። ደስ አለው፣ ጥላ ሥር ሄዶ ተቀመጠ።

ከዚያ ጋሽ ደረሰ ያልተጠበቀ ነገር አመጡ። ከጤፉ ውስጥ እየሮጠች መጥታ ቦዩን ትዝለል፣ እጇን ዘርግታ። ቦዩ ሰፊ ነው፤ ወዲያ ማዶው ድንጋይ። ውቢት ወደኔ አየች። ያለ መነጽር ቦዩን እንኳ በቅጡ አታየውም።

«ጋሽ ደረሰ፣ ይህ ቀሚስ ለዝላይ አልተሰፋም» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ተሰፋ?»

 ሰው ሁሉ ያየኛል። ያን ጊዜ እትዬ ጥሩነሽ ወደ ፊት ራመድ አለች። ቀደም ሲል ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «ስንት ወሯ ነው?» ብላኝ ነበር፤ በአረማመዷ ብቻ አውቃለች፣ የሰባት ልጆች እናት ናት። እኔ አልመለስኩላትም፤ እሷም መልስ አልጠበቀችም።

«ኧረ የኔ ጌታ» አለች ጋሽ ደረሰን። «እዚህ አገር ጤፍ ውስጥ የሚዘል ፍየል ብቻ ነው።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አያ ሞላ ሳይቀር። ጋሽ ደረሰም ባይወዱ ሳቁ። እንግዲያው የእዚህ አገር ሴት እንዴት ነው የምትሄደው አሉ። እትዬ ጥሩነሽ አሳየቻቸው። ማጭዷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ ዘለላውን በሌላው እጇ እየዳሰሰች፣ ቀስ ብላ፤ ማሳው የራሷ እንደሆነ ሰው። ውቢት ከኋላዋ ተከተለቻት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ቴፑ ተከፈተ።

ደብተሬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ትታ በእውነት ዘፈነች። ከቴፑ ድምፅ ላይ የራሷ ድምፅ ተደረበ። ሰዉ ሁሉ ወደ ማሳው ጠጋ አለ።

ያኔ ነፋስ መጣ። ከጣና የሚመጣው የከሰዓቱ ነፋስ፤ ይህን ሁሉ ሳስብ እሱን አላሰብኩትም። ቀሚሱን ከፊት ገላዋ ላይ ለጠፈው። ሁሉም ነገር ታየ፣ እንደ ጨረቃ ክብ። ለአፍታ ነው፣ ግን እኔ አየሁ፣ ጋሽ ደረሰም አዩ። «አቁም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ዘፈኑ አላለቀም። እሷን አዩ፣ ሰዉን አዩ። አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

እስከ መጨረሻው ተቀረጸ። 

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

ጋሽ ደረሰ መጡ። ብቻቸውን። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለካ ራሳቸው በራ ነው።

«ያውቁ ነበር።»

«ለካኋት እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የእርስዎም ወገብ ቢሆን ለእሷ አልናገርም ነበር።»

ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ከእሷ በፊት ስላሳደጓት ሌላ ዘፋኝ አወሩኝ። ድል ባለ ድግስ አገባች፤ ሰው ሁሉ እልል አለ፤ የሚቀጥለውን ካሴቷን ግን የገዛ የለም። በሷ የደረሰ በውቢት እንዳይደርስ ነው የምጠነቀቀው አሉ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር፦

«ስም ያወጣሁላት እኔ። አረማመድ ያስተማርኳት እኔ። ልጅ ስትይዝ የነገረችው ግን ለወረታ ልብስ ሰፊ።»

ተቆጡ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም፤ ከፍቷቸዋል። ስም ማውጣትና ማሳደግ አባት አያደርግም፣ እሷም እርስዎን ፈርታ ነው ልል አሰብኩ። አላልኩም። ሻይ ሰጠኋቸው።

ሻዩን ሲጨርሱ ሌላ ሰው ሆኑ። ይህ ቀሚስ እስከ ስንት ወር ይይዛል? ነፋስ ከሌለ እስከ ስድስት አልኩ። እንግዲያው ለፋሲካ ሊቀረጹ የነበሩት ሁለቱ ዘፈኖች እዚሁ፣ በዚሁ ሳምንት ይቀረጹ። ሁለት ቀሚስ ይስፉልኝ፤ አንዱ ከከበደ ጨርቅ ይሁን፣ ነፋስ የማያነሳው።

ሲወጡ ውቢት በር ላይ ቆማለች። ፊት ለፊት ቆሙ። ዘነበች ብለው ጠሯት። በዚያ ስም ሲጠሯት በሦስት ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነው አለችኝ በኋላ። አልቅሳ ነበር የነገረችኝ፣ ግን ደስ እንዳላት ሰው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16።

ለአራት ቀን አልጻፍኩም። ሁለት ቀሚስ! አባዬ ገበር ቆረጡልኝ፣ የጎረቤታችን ልጅ ከድጃ አዝራር ተከለች። ትናንት ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄድን። ጋሽ ደረሰ የፍል ውሃው እንፋሎት ደመና ይሁንልኝ አሉ፤ ውቢት ከደመናው ውስጥ ወጣች፣ ሽበታም ሽማግሌ ታጣቢዎች ፎጣቸውን ታጥቀው ከኋላ ታዩ፣ እንደገና ተቀረጸ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ዛሬ ጠዋት ሄዱ። ውቢት ሦስቱንም ቀሚስ ይዛ ሄደች። በረንዳው ሰፋ ብሎ ቀረ። የት/ቤት ቀሚሶቹ ይጠብቁኛል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 30። ባ/ዳር፣ አክስቴ ቤት።

ትናንት አየሁት። የአክስቴ ጎረቤቶች ቴሌቪዥን አላቸው፤ ሳሎኑ ጢም ብሎ መስኮቱ ላይ ሳይቀር ሰው ነበር። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፣ ማንነቴን የነገርኩት ሰው የለም።

ጀመረ። ሜዳው! ከብቶቹ! እትዬ ጥሩነሽ ለአፍታ በጥግ በኩል አለፈች፣ ልጮህ ነበር። ውቢት መጣች። ደረቷ ድረስ። ፊቷ። ዓይኗ። እንደገና ፊቷ። ያ ሁሉ ሽንሽን፣ ያ ሁሉ ሻይ፣ የታየው አንገትጌው ነው! አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ መጨረሻው፣ ዞረች። ቀሚሱ ተነሣ፣ ሰፋ፣ እሷ ስትቆም እሱ ገና ይዞራል። ሳሎኑ «ውይ» አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ነፋሱ የለም። ኤፍሬም ያን ቦታ ቆርጦ ላም አስገብቶበታል።

አንዲት ሴትዮ ከአጠገቤ ምን ያለች ልጃገረድ አለች። የበሰለች ናት አለች ሌላዋ፣ ድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ገብቷል። ከንፈሬን ነክሼ ቡናዬን ጠጣሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አላውቅም። ባ/ዳር ላይ ማንም ሳያውቀኝ፣ ያ «ውይ» የኔ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 26። ከገበያ በፊት።

ምን ጉድ ነው! የሠርግ ሰሞን ነውና ዛሬ ገና ሳይነጋ በረንዳዬ ላይ አምስት ሴት። ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፦ የውቢትን ዓይነት። ከቴሌቪዥን ያየች አለች፣ ካየች የሰማች አለች። ከአዲስ ዘመን ከተማ ይመጣል፣ ከሐሙሲት ይመጣል። እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ሙሽራ ከጡቷ ሥር እንድሸነሽንላት ትለምነኛለች። የኔ ልጅ፣ ወገብሽን ለምን ትደብቂያለሽ አልኳት። «ፋሽኑ ነዋ፣ እት ሐዋ!» አለች፣ ባላዋቂነቴ አዝና።

አንዷ ግን በመጨረሻ መጣች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ወደ ጓዳ አስገባኋት። ለካኋት።  ለእሷ ትርፍ ጨርቅ ከውስጥ ተውኩላት።

ሥራው ከአቅሜ በላይ ሆነ። ከድጃን ወደ ስፌት አስገባኋት፤ ቀጥ አድርጋ ትሰፋለች፣ ትዘፍናለችም። አባዬ ፈትል አስመጡ። ከሱቁ ይልቅ በረንዳው ሥራ በዛበት እያሉ ያጉረመርማሉ፣ ዓይናቸው እየሳቀ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12። ከቀኑ አምስት ሰዓት።

ደብዳቤ ከአ.አ.። ተላላኪው የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ ፖስታው አብጧል።

ሴት ልጅ! ከሁለት ሳምንት በፊት። ሁለቱም ደኅና። ጸጉሯ ብዙ ነው፣ ድምፅዋ ከእናቷ ይበልጣል ትላለች። ደብዳቤውን ለአባዬ አነበብኩ፣ ለከድጃ አነበብኩ፣ ጨው ልትገዛ ለመጣች ሴትዮ ሳይቀር አነበብኩ።

ቀጥሎ ቁም ነገሩ። ሰኔ ላይ አዲስ ዘፈን ትቀረጻለች፤ የራሷ ዜማ። ለልጇ ያወጣችው ነው። ልጇን ታቅፋ ልትዘፍን ትፈልጋለች፣ በሰው ሁሉ ፊት። «ቀሚሱን አንቺ ስፊልኝ፣ እናት የምትለብሰውን» ትላለች።

ፖስታው ውስጥ ሌላም ወረቀት አለ፣ አራት ቦታ የታጠፈ። የጋሽ ደረሰ እጅ ጽሑፍ። ለወ/ሮ ሐዋ፣ እንደምን ከረሙ። ልጅቱ ልጇን ካልያዝኩ አልቀረጽም ብላለች፤ እምቢ ብዬ ላጣት አልፈልግም። ስለዚህ ዘዴ ይፈልጉልኝ፦ ሰፊ ኩታ ያለው ይሁን፣ ሕፃኗ ተሸፍና ነዶ ይሁን ልጅ ይሁን ተመልካቹ እንዳይለይ። የእርስዎን ጥበብ አውቃለሁ።

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አንድ ፖስታ፣ ሁለት ቀሚስ። እሷ የሳቸውን ወረቀት አይታዋለች? አላየችውም መሰለኝ።

ልችለው እችላለሁ፣ ደብተሬ። ሐቁን ልንገርሽ፣ ወረቀቱን እያነበብኩ እጄ ማሰብ ጀምሮ ነበር። ኩታውን ከትከሻ ላይ በሁለት እጥፍ ብጥለው፣ ክንዷ ውስጥ ያለው ነገር ምንም ሊሆን ይችላል። ማንም አያውቅም። ያምራልም።

ስምንት ሰዓት።

ምሳ አልበላሁም። ከድጃ ምሳው ቀዘቀዘ ትለኛለች።

ጋሽ ደረሰ ክፉ ሰው አይደሉም። የሚፈሩት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ካሴቱ ሳይሸጥ ይቀር ይሆናል። ኅዳር ላይ ግን ሸፍኚልኝ ብላ የጠየቀችኝ እሷ ናት። አሁን የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

ለጋሽ ደረሰ ጻፍኩላቸው፣ በአክብሮት። ወረቀትዎ ደርሶኛል፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ፣ ኩታ አልሰፋም። ቀሚሱን ራሴ ይዤ እመጣለሁ፤ ካልወደዱት ፊት ለፊት ይቆጡኝ።

ከአባዬ ሱቅ ሰማያዊውን ወሰድኩ፣ ሲታጠብ የማይለቀውን፤ ሕፃን ባለበት ብዙ ይታጠባል። ወገቡ ወገብ ላይ ይሆናል፣ ሰፊም ቢሆን በሰፊነቱ። ክንዱ ሕፃን ለማቀፍ የሚላላ። ደረቱ ከአንገት እስከ ወገብ በአዝራር የሚከፈት፤ ቀረጻ መሐል ልጅቱ ከራባት እዚያው፣ ካሜራው ፊት፣ ታጥባት።

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። በጠመኔ አሰመርኩ። ከድጃ ጫፉን ያዘችልኝ።

ቆረጥኩ።